ዲኤንኤስማስክ በዳያል-አፕ መስመር ላይ፦ የሚፈታውና የማይፈታው

ሞደሙ ጮኾ ተገናኝቷል፣ የግንኙነት ምልክቱም በርቷል፤ ብራውዘሩ ግን «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መስመሩን ቆርጦ እንደገና ይደውላል። አንዳንዴ ይሳካል። ለምን እንደተሳካ ግን ስለማይታወቅ ችግሩ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ የምንገመግመው ለዚህ ዓይነት ችግር መፍትሔ ተብሎ በተደጋጋሚ የሚጠቆመውን ዲኤንኤስማስክ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የጻፈው ሳይመን ኬሊ ሲሆን በነጻ የሚገኝና ምንጩ ክፍት የሆነ ነው። በብዙ የቤት ራውተሮች ውስጥ፣ በተለይ ኦፕን-ደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሥርዓተ ክወና በተጫነባቸው ላይ፣ ስም የሚፈታው፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው፣ እሱ ነው። በዳያል-አፕ፣ ማለትም በስልክ መስመር በሚደውል 56 ኪሎቢት ሞደም ላይ ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ከሣጥኑ እንደወጣ ከተተወ ግን የጥቅሙን ግማሽ እንኳ አይሰጥም፤ ደግሞ ፈጽሞ የማይነካው አንድ ትልቅ የችግር ምንጭ አለ።

ከመጫናችሁ በፊት ችግሩ በእርግጥ የስም መሆኑን አረጋግጡ። ተርሚናል ክፈቱና አንድ የታወቀ የቁጥር አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ያ አድራሻ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው)፤ 9.9.9.9 ወይም 8.8.8.8 ይበቃል። ቁጥሩ ካልመለሰ ጉዳዩ ከስም ጋር ግንኙነት የለውም፤ መስመሩን፣ ሞደሙን ወይም የፒፒፒ ግንኙነቱን (በስልክ መስመሩ ላይ ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የምትነጋገሩበትን ስምምነት) ነው መመርመር ያለባችሁ፣ ዲኤንኤስማስክም አይረዳችሁም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ። ቀጥሎ በ«ዲግ» ትእዛዝ አንድን ስም ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ አንዴ አቅራቢው የሰጣችሁን የስም ሰርቨር በአድራሻው ጠቅሳችሁ፣ አንዴ ደግሞ ከላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ጠቅሳችሁ። የአቅራቢው ዝም ብሎ የሌላው ከመለሰ ጥፋቱ የአቅራቢው ሰርቨር ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ የስም ጥያቄ የሚያልፍበትን የ53 ፖርት የፋየርዎል ሕግ ተመልከቱ፤ በሁለቱም የማስተላለፊያ ዓይነቶች፣ የዩዲፒውንም የቲሲፒውንም። የአቅራቢው መልሶ የውጪው ዝም ካለ ደግሞ አቅራቢው ወደ ሌላ የስም ሰርቨር የሚሄደውን 53 ሊዘጋው ስለሚችል የሱን ሰርቨር ብቻ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ሥራው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ወይም መስመሩን በሚያጋራው ማሽን ላይ ተቀምጦ የስም ጥያቄዎችን ይቀበላል፣ የማያውቀውን ወደ አቅራቢው ያስተላልፋል፣ የመጣውን መልስ ደግሞ ጊዜው እስኪያልፍ በማህደሩ ይይዛል። በፈጣን መስመር ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም። በዳያል-አፕ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የአንድ መካከለኛ ስም ጥያቄ ከነአይፒና ዩዲፒ ራስጌው ወደ 60 ባይት ነው፤ በ33,600 ቢት በሰከንድ ወደ ላይ ለመላክ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህ ትንሽ ነው። ውድ የሚሆነው ሞደሙ ራሱ የሚጨምረው መዘግየት ነው፤ የደርሶ መልሱ ጊዜ ባዶ መስመር ላይም 150 እና 200 ሚሊሰከንድ መሆኑ የተለመደ ነው። አንድ ገጽ ከ20 የተለያዩ ስሞች ምስልና ስክሪፕት የሚጠራ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስም ደግሞ የአይፒቪ4 እና የአይፒቪ6 (የድሮውና የአዲሱ የአድራሻ ዓይነት) ጥያቄ ስለሚላክ፣ ገጹ ገና አንድ ምስል ሳያመጣ 40 ጥያቄ መስመሩ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ማህደሩ ሲሞላ ይኸው ሁሉ ከመስመሩ ላይ ይወርዳል። ለማየት ከፈለጋችሁ ያንኑ ስም በዲግ ሁለቴ ተከታትላችሁ ጠይቁ፤ ከሥር የሚጻፈው የጥያቄ ጊዜ መጀመሪያ 180 ሚሊሰከንድ ቢሆን በሁለተኛው 0 ወይም 1 ይሆናል።

ከፍጥነቱ በላይ የወደድንለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያረጀ የሰርቨር አድራሻን ጣጣ ይዘጋል። ፒፒፒ ሲገናኝ ሁለቱ ወገኖች አይፒሲፒ በሚባለው ድርድር አድራሻ ይሰጣጣሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1877 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ በዚህ ድርድር ውስጥ የስም ሰርቨሮችን አድራሻ መጠየቂያ ጨመረበት፤ አማራጭ 129 ለመጀመሪያው፣ 131 ለሁለተኛው። በሊኑክስ ላይ ፒፒፒን የሚያስኬደው ፒፒፒዲ ግን ይህን የሚጠይቀው «ዩዝ-ፒር-ዲኤንኤስ» የሚለው አማራጭ ሲሰጠው ብቻ ነው። ካልተሰጠው ድሮ በእጅ የተጻፈው አድራሻ እንዳለ ይቀራል። አቅራቢው ሰርቨሩን የቀየረ ወይም እናንተ አቅራቢ የቀየራችሁ ቀን ኮምፒውተሩ ማንም በሌለበት አድራሻ ላይ ሲጣራ ይውላል። ዩዝ-ፒር-ዲኤንኤስ ሲሰጠው የተቀበላቸውን አድራሻዎች በኢቲሲ ሥር ባለው የፒፒፒ ፎልደር ውስጥ ሪዞልቭ-ኮንፍ በሚባል ፋይል ይጽፋቸዋል።

ይህም ሆኖ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ፕሮግራሞች ስም ለመፍታት የሚጠቀሙበት የሊኑክስ የጂሊብሲ ላይብረሪ እስከ እትም 2.26 ድረስ (2017 እ.ኤ.አ.) የስም ሰርቨር ፋይሉን ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ብቻ ነበር የሚያነበው። ከመደወሉ በፊት የተከፈተ ብራውዘር አዲሱን አድራሻ ሳያውቅ ይቀጥላል፣ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ይሠራል። «ብራውዘሩን ዝጋውና ክፈተው» የሚለው ምክር በአሮጌ ማሽኖች ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው። በዲኤንኤስማስክ ግን ዋናው የሪዞልቭ-ኮንፍ ፋይል (በቀጥታ በኢቲሲ ሥር ያለው፣ ፕሮግራሞች የሚያነቡት) ሁልጊዜ 127.0.0.1፣ ማለትም የማሽኑን የራሱን አድራሻ፣ ብቻ ይላል፤ አይለወጥም። የሚለወጠውን የፒፒፒ ፋይል ዲኤንኤስማስክ ራሱ እየተከታተለ በተቀየረ ቁጥር ያነበዋል። ፕሮግራሞቹ ምንም ማወቅ አይጠበቅባቸውም።

ይህን ለማግኘት ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። በዲኤንኤስማስክ ኮንፊግ ውስጥ «ሪዞልቭ-ፋይል» የሚለውን መስመር ወደ ፒፒፒው ሪዞልቭ-ኮንፍ አመልክቱት፣ በዋናው ሪዞልቭ-ኮንፍ ላይ ደግሞ 127.0.0.1 ብቻ ጻፉ። የመጀመሪያው ከተረሳ ዲኤንኤስማስክ ዋናውን ፋይል ያነባል፣ እዚያም የራሱን አድራሻ ብቻ ያገኛል። ራሱን በራሱ እንዳይጠይቅ አድራሻውን ይተወዋል፣ በሎጉም ላይ የራሱ ማሽን አድራሻ ስለሆነ እንደዘለለው ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሚያስተላልፍበት ሰርቨር ስለሌለው ለማንኛውም የውጪ ስም «አልቀበልም» የሚል መልስ ወዲያው ይሰጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስሙ ሳይዘገይ፣ በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ ይከሽፋል። በቅጽበት የሚከሽፍ ስም ኮንፊግ ነው፤ 10 ሰከንድ ቆይቶ የሚከሽፍ ስም መስመር ወይም ሰርቨር ነው። ይህችን ልዩነት ያዙ፤ ግማሹን ምርመራ ታሳጥራለች።

ሌላው የመጫኛ እንቅፋት 53 ፖርት ላይ አስቀድሞ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያለው ሌላ ስም ፈቺ፣ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ፣ በ127.0.0.53 ላይ ስለሚሰማ ዲኤንኤስማስክ ሁሉንም አድራሻ ልያዝ ሲል «አድራሻው ተይዟል» ብሎ ሳይነሳ ይቀራል። «ባይንድ-ኢንተርፌስስ» የሚለውን አብሩና መስሚያ አድራሻውን 127.0.0.1 እና ካላችሁ የውስጥ ኔትወርኩን አድራሻ ብቻ ስጡት። ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ-ማናጀር ያለበት ማሽን ላይ ደግሞ ዋናው ፋይል በየግንኙነቱ እንዳይገለበጥ እሱንም ከዚህ ሥራ አስወጡት።

ከዚያ ነባሪ ቅንብሮቹን እንመልከት፤ ሁሉም ለዳያል-አፕ የሚስማሙ አይደሉም። ማህደሩ ሲመጣ 150 ስም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ላያንስ ይችላል፣ መስመሩን ለሚጋሩ ሦስት ማሽኖች ግን ያንሳል። ወደ 1000 ከፍ አድርጉት፤ ከአንድ ሜጋባይት በታች ማህደረ ትውስታ ነው የሚበላው። «ዶሜን-ኒድድ» ነጥብ የሌላቸውን የውስጥ ማሽን ስሞች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ይከለክላል። «ቦገስ-ፕራይቭ» ደግሞ እንደ 192.168 ላሉ የግል አድራሻዎች የሚደረገውን የተገላቢጦሽ ፍለጋ (ከቁጥር ወደ ስም) እዚሁ ይመልሰዋል። ሁለቱም ያለ ምንም ጉዳት መስመር ይቆጥባሉ፣ ሁለቱንም አብሩ።

«ፊልተር-ዊን-2ኬ» ለዳያል-አፕ ተብሎ የተሠራ ቅንብር ነው ማለት ይቻላል። የዊንዶውስ ማሽኖች በየጊዜው የሚልኳቸው፣ ከኢንተርኔት መልስ የማያገኙ ጥያቄዎች አሉ፤ ሲያስፈልግ ራሱ በሚደውል መስመር ላይ እነዚህ ማንም ኮምፒውተሩ አጠገብ ሳይኖር ስልክ ያስደውላሉ። ቅንብሩ ኤስኦኤ እና ኤስአርቪ የሚባሉትን የጥያቄ ዓይነቶች ይዘጋል፤ ኤስአርቪ አንድ አገልግሎት የት ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ነው። ዋጋው ደግሞ ኤስአርቪን የሚፈልጉ አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ ኤስአይፒ ስልክና ኤክስኤምፒፒ መልእክት ወይም ከርቤሮስ፣ አብረው መቆማቸው ነው። እነዚህን የማይጠቀም ቅንብሩን ያብራው፣ የሚጠቀም ይተወው።

«ሚን-ካሽ-ቲቲኤል» ላይ ሰው ሁሉ ይጓጓል። ብዙ ትልልቅ ድረ ገጾች መልሳቸውን ለ60 ሰከንድ ብቻ ያዙ ይላሉ፤ ይህ በዳያል-አፕ ላይ ማህደሩን ከንቱ ያደርገዋል። በዚህ ቅንብር ትንሹን ጊዜ ማራዘም ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈቅድም፣ ያም ልክ ነው። 300 ሰከንድ ጥሩ መሀል ነው። 3600 ስታደርጉት ድረ ገጹ ሰርቨሩን ሲያዛውር እናንተ እስከ አንድ ሰዓት ባዶ አድራሻ ላይ ትቀራላችሁ፣ ጥፋቱንም ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። በአዲሶቹ እትሞች ያለው «ዩዝ-ስቴል-ካሽ» ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነው፤ ጊዜው ያለፈውን መልስ ወዲያው ይሰጥና ከኋላ አዲሱን ይጠይቃል። ተጠቃሚው አይጠብቅም፣ አድራሻውም ቶሎ ይታደሳል።

መስመራችሁ አይፒቪ4 ብቻ ከሆነ የአይፒቪ6 ጥያቄዎችን ለማስቀረት «ፊልተር-ኳድ-ኤ»ን ለማብራት ታስቡ ይሆናል። አትቸኩሉ። እሱ አድራሻውን ከመልሱ ላይ ይቆርጣል እንጂ ጥያቄው ወደ አቅራቢው እንዳይሄድ አያግድም፤ ስለዚህ መስመር አይቆጥብም። ጥቅሙ ፕሮግራሞች በማይሠራ አይፒቪ6 አድራሻ ላይ ጊዜ እንዳያጠፉ ብቻ ነው።

ሲያስፈልግ ራሱ የሚደውል መስመር፣ ማለትም በፒፒፒዲ «ዲማንድ» የተዋቀረ፣ የራሱ ችግር አለው፤ እዚህ ዲኤንኤስማስክ ብቻውን አይበቃም። ጥሪውን የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የስም ጥያቄ ነው። ሞደሙ ደውሎ፣ ተስማምቶ፣ የይለፍ ቃል አልፎ እስኪጨርስ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይሄዳል። ጂሊብሲ ግን ለአንድ ሰርቨር 5 ሰከንድ፣ ሁለት ሙከራ ነው የሚታገሠው፤ በ10 ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ «ስሙ አልተገኘም» ይላል። ሞደሙ ገና እየጮኸ ነው። መፍትሔው በዋናው ሪዞልቭ-ኮንፍ ላይ የአማራጭ መስመር ጨምሮ የጥበቃውን ጊዜ 15፣ ሙከራውን 3 ማድረግ ነው፤ 45 ሰከንድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህም ተደርጎ ሊጠፋ ይችላል፤ ምክንያቱም ከመደወሉ በፊት የወጣው ፓኬት የያዘው የጊዜያዊውን የላኪ አድራሻ ነው፣ አቅራቢው ደግሞ ሌላ አድራሻ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ መልሱም ወደ እናንተ አይደርስም። ተከታዩ ሙከራ ያነሳዋል። ሌላም አለ፤ ማሽኑ እንደተነሳ፣ ገና አንዴም ሳይደወል፣ የፒፒፒው ፋይል ባዶ ወይም የለም። አስተላላፊ ሰርቨር ስለሌለ ዲኤንኤስማስክ በቅጽበት እምቢ ይላል፣ ወደ መስመሩ የሚወጣ ፓኬት ስለሌለም ጥሪው ጨርሶ አይነሳም። በኮንፊጉ ላይ «ሰርቨር» በሚለው መስመር አንድ ቋሚ አድራሻ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል።

አሁን ዲኤንኤስማስክ የማይነካው ነገር ላይ ደርሰናል፤ በዳያል-አፕ ላይ ከሚታዩት የስም ቅሬታዎች ውስጥ በጣም አሳሳቹ ይህ ነው። ትልቅ ፋይል እየወረደ ሳለ አዲስ ገጽ ስትከፍቱ ስሙ አይፈታም፤ ፋይሉ ሲያልቅ ይፈታል። ሰው ሁሉ ሰርቨሩን ይወቅሳል፣ ሰርቨሩ ግን በጊዜው መልሷል። ሒሳቡን እንየው። 1500 ባይት የሆነ አንድ የማውረጃ ፓኬት 12,000 ቢት ነው፤ በ48,000 ቢት በሰከንድ በተገናኘ ሞደም ላይ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል። አቅራቢው ጋ ባለው መሣሪያ ላይ ለእናንተ 20 ፓኬት ተሰልፎ ከሆነ የስሙ መልስ ከሁሉም ኋላ ቆሞ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። 5 ሰከንድ ደግሞ የላይብረሪው ትዕግሥት የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል፣ ሰልፉም በአንድ መልስ ይጨምራል። ወረፋው በአቅራቢው በኩል ስለሆነ በእናንተ ማሽን ላይ የሚደረግ ቅድሚያ የመስጠት ቅንብር የሚረዳው ወደ ላይ ለሚሄደው ብቻ ነው። የሚሠራው መድኃኒት ማውረጃውን መገደብ ነው። የማውረጃ ፕሮግራሙን በሰከንድ 4 ኪሎባይት አስሩት፤ በ48,000 መስመር ላይ ሰልፉ አይጠራቀምም፣ ስሞችም በመደበኛ ጊዜያቸው ይፈታሉ። ለማረጋገጥ ማውረዱን አቁማችሁ ፒንግ አድርጉ፣ እንደገና ጀምራችሁ ፒንግ አድርጉ። ከ180 ሚሊሰከንድ ወደ 3000 ወይም 5000 ከዘለለ ችግሩን በዓይናችሁ አያችሁት።

የትልልቅ መልሶች ነገር ደግሞ አጭር ነው። የፒፒፒ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 576 ባይት ከሆነ ከአይፒና ከዩዲፒ ራስጌ በኋላ 548 ባይት ይቀራል፤ የድሮው የ512 ባይት የስም መልስ በአንድ ፓኬት ይገባል፣ ከዚያ የሚበልጠው ይቆራረጣል። ከተቆራረጠው አንዱ ከጠፋ መልሱ በሙሉ ጠፋ። አንዳንድ ስሞች ብቻ፣ ሁልጊዜም እነዚያው፣ የማይፈቱ ከሆነ «ኢዲኤንኤስ-ፓኬት-ማክስ»ን 512 አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ትልቁ መልስ በቲሲፒ ይመጣል፣ ይዘገያል ግን ይደርሳል። የስም መልስ እውነተኛ መሆኑን በፊርማ የሚያጣራውን የዲኤንኤስሴክ ማረጋገጫ በዚህ መስመር ላይ አጥፍታችሁ ብትተዉት እንመክራለን። ለእያንዳንዱ ዶሜን ተጨማሪ ጥያቄ ይልካል። ባትሪው ባለቀ አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ፊርማው ሁሉ ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ይቆጠርና ስም ሁሉ ይከለከላል። ሰዓት ለማስተካከል ስም መፍታት ያስፈልጋል፣ ስም ለመፍታት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት።

ስታቲስቲክሱ ፕሮግራሙን ከምናመሰግንባቸው አንዱ ነው። ለሂደቱ «ዩኤስአር1» ሲግናል ስትልኩለት በሲስተም ሎጉ ላይ ቁጥሮች ይጽፋል፦ ስንት ጥያቄ ወደ ውጭ ተላለፈ፣ ስንት እዚሁ ተመለሰ፣ ስንት ስም ጊዜው ሳይደርስ ቦታ ለማስለቀቅ ተባረረ። የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ማህደሩ ጠቦታል፣ አስፉት። እዚሁ የተመለሰው ከተላለፈው በጣም ካነሰ ደግሞ ትንሹን የመያዣ ጊዜ መርምሩ። «ሃፕ» ሲግናል ማህደሩን ያጸዳል፤ ኮንፊግ ፋይሉን ግን ደግሞ አያነበውም፣ ቅንብር ከቀየራችሁ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሡት። ስታስነሡት ማህደሩ ባዶ እንደሚሆን አትርሱ፤ ዲስክ ላይ አያስቀምጥም። መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ዲኤንኤስማስክን እንደገና የሚያስነሳ ስክሪፕት ካላችሁ አውጡት፣ ዋናውን ጥቅም እየጣለባችሁ ነው።

ፒዲኤንኤስዲ የተባለው ሌላ ስም ፈቺ ፕሮግራም ከዚህ በተቃራኒ ማህደሩን ዲስክ ላይ ያስቀምጥ ነበር፣ የተሠራውም እንዲህ ላለ የሚቆራረጥ መስመር ነበር። ልማቱ ከቆመ ግን ብዙ ዓመታት ስላለፉ ዛሬ አዲስ ለሚጭን ሰው አንመክረውም። አንባውንድ በጣም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን እንደመጣ ከተተወ ስሙን የስሞች ሁሉ መነሻ ከሆኑት የሥር ሰርቨሮች ጀምሮ ራሱ ይፈታል። በየደረጃው 200 ሚሊሰከንድ ሲደመር የመጀመሪያው ፍለጋ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይሄዳል። ወደ አቅራቢው እንዲያስተላልፍ ካዋቀራችሁት ያገለግላል፣ ያኔ ግን ዲኤንኤስማስክ በቀላሉ የሚሠራውን በበለጠ ድካም መሥራት ነው።

መስመሩን የሚጠቀመው አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ አትልፉበት። ዲኤንኤስማስክ ለዊንዶውስ የተሠራ አይደለም፣ ዊንዶውስም የራሱ የስም ማህደር አለው። በዳያል-አፕ ግንኙነቱ የቲሲፒ/አይፒ ቅንብር ውስጥ ግቡና የስም ሰርቨሩ አድራሻ «በራስ-ሰር» መሆኑን አረጋግጡ፤ ድሮ የተጻፈ ቁጥር እዚያ ተቀምጦ ከተገኘ አጥፉት። ከዚያ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ የ«አይፒኮንፊግ» ትእዛዝን ከ«ፍላሽ-ዲኤንኤስ» ጋር አንዴ ስጡ። መስመሩ በተቆረጠበት ሰዓት የተያዘ «ስሙ የለም» የሚል መልስ በማህደሩ ቀርቶ ከሆነ በዚህ ይወጣል።